የሐዋ መሕረም

ሐዋ መርካቶ ውስጥ ቅመም ትሸጣለች። ባሏ ከሞተ ዘጠኝ ዓመት ሆኖታል፤ ልጅም አልወለደችም። ያላት ዘመድ ታላቅ ወንድሟ ልብስ ሰፊው ባህረዲን ብቻ ነበር፤ እሱም ሚስቱን ከቀበረ ወዲህ እሷው ቤት ይኖራል። በ1958 ዓ.ም. ሁለቱም ለሐጅ መካ ሊሄዱ ቆረጡ።

ባህረዲን ሌላ ወሬ አልነበረውም። ከመካ የተመለሰ ሰው አለ ሲባል ቤቱ ድረስ ሄዶ ይጠይቃል፤ ሙቀቱ እንዴት ነው? ውሃ በምን ይያዛል? ሰው ከሰው ቢጠፋፋስ? የሰማውን ደብተር ላይ ጽፎ ምሳ ሲበሉ ለእህቱ ያነብላታል። ኢሕራሙን፣ ያንን ሳይሰፋ የሚለበሰውን ነጭ ጨርቅ፣ በገዛ እጁ ቆረጠ።

«ዕድሜ ልኬን ስሰፋ ኖሬ፣ ለአላህ ቤት ያልተሰፋ!» ብሎ ሳቀ።

«እዚያ የሚያስፈልገው እግር ነው» እያለም ከሱብሂ ሶላት በኋላ በየጧቱ እስከ መሳለሚያ ያመላልሳት ጀመር። መንገድ ላይ ዱዓ ያስጠናታል። ዐረብኛው አልያዝላት ሲል፣ «ግድ የለሽም፤ እኔ ስል ትከተይኛለሽ» ይላታል።

ፓስፖርታቸው ወጣ፤ ክትባትም ተወጉ። መንገደኞቹን ሰብስበው የሚወስዱት ሐጅ ሙህዲን ስማቸውን መዘገቡ። ሴት ያለ መሕረም፣ ማለትም ያለ ባል ወይም ያለ ቅርብ የሥጋ ዘመድ ወንድ፣ አትሄድምና ከሐዋ ስም አጠገብ «ከወንድሟ ጋር» ተብሎ ተጻፈ።

ለመሄድ ስምንት ቀን ሲቀራቸው፣ እንደ ልማዳቸው በጧት ሲጓዙ ባህረዲን መሳለሚያ ላይ ድንገት ቆመ።

«ሐዋ...» አለ። የቀረው ቃል አፉ ውስጥ ተኮላተፈ። ቀኝ እግሩ ከዳውና አጥር ተደግፎ ተንሸራተተ።

አራት ቀን ሆስፒታል ተኝቶ ወደ ቤት ተመለሰ። ቀኝ ጎኑ አይታዘዝም፤ ምላሱም ተይዟል። ሐኪሙ «እንግዲህ መጠበቅ ነው» ከማለት በቀር የጨመረው ነገር የለም።

በማግስቱ ሐጅ ሙህዲን ሊጠይቁ መጡ። ከበሽተኛው ጋር ጥቂት ተቀምጠው ሐዋን ወደ ደጅ ጠሯት።

«ስምሽን ልሰርዝ ወይስ ምን ላድርግ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ፣ ሐጂ። እርስዎ ይንገሩኝ።»

«አንዳንድ ሰዎች ከመንገደኞቹ አንዱን ወንድሟ ነው እንበል ይሉኛል። በአባት ባይገናኙ በእናት ናቸው ይባላል። ማንም አይመረምርም።»

«ወደ አላህ ቤት ዋሽቼ ልግባ?»

ሐጅ ሙህዲን አቀረቀሩ። «እሱን እኔም አልመልስልሽም። ነገ እስከ ዙሁር ቁርጡን ንገሪኝ።»

ጎረቤቷ ደብሪቱ ሰምታ መጣች። «ሂጂ፤ እኔ አስታምመዋለሁ» አለቻት።

«ሳልመለስ ቢሞትስ?»



ሐዋ ወንድሟ አጠገብ ተንበረከከች። «ጋሼ፣ ሂጂ ነው የምትለኝ?»

ባህረዲን አፉን ከፈተ፤ የወጣው ድምፅ ግን ቃል አልነበረም። ግራ እጁን አንሥቶ ወደ በሩ አመለከተ። ያው እጅ ተመልሶ ቀሚሷን ጨብጦ ያዘ።

«ሂጂ ከሆነ ዓይንህን ጨፍን።»

ጨፈነ።

«ቅሪ ከሆነስ?»

አሁንም ጨፈነ። ደብተሩን አምጥታ እርሳሱን በግራ እጁ አስያዘችው። ሁለት ሦስት መስመር ሞነጫጭሮ እርሳሱ ከእጁ ወደቀ። ሐዋ ወረቀቱን ወደ ብርሃኑ ይዛ ብታገላብጠው አንድ ፊደል እንኳ አልወጣላትም።

በነጋታው እኩለ ቀን ላይ የዙሁር አዛን ሲል ሐጅ ሙህዲን ሱቅ ደጃፍ ሄዳ ቆመች። ልትናገር ፈለገች፤ እሄዳለሁ ትበል ወይስ ቀርቻለሁ ግን ራሷም አላወቀችም። ሐጅ ሙህዲን ፊቷን አይተው ዝርዝሩን ዘረጉ።

«ልሰርዘው?»

ዝም አለች። ጥቂት ቆዩላት። ብዕሩ በስሟ ላይ ሲያልፍ እያየች «ይቆዩ» ማለት አቃታት።

ቤት ገብታ፣ «ቀርቻለሁ፣ ጋሼ» አለችው።

ባህረዲን እንባው ወረደ፤ ፊቱንም ወደ ግድግዳው አዞረ። ደስ ብሎት ይሁን አዝኖባት፣ ጠይቃው ልታውቅ አትችልም። እንባውን በነጠላዋ ጠርጋለት አጠገቡ ተቀመጠች።

አንዲት ቃል ሳይተነፍስ ሐምሌ ላይ ሞተ። በሚቀጥለው ዓመት ሐጅ ሙህዲን አዲስ ዝርዝር ሲያወጡ ሐዋ ሱቃቸው ድረስ ሄዳ ነበር። በመጀመሪያ የጠየቋት፣ «ከማን ጋር ነሽ?» ብለው ነው።