ከበሮው ማደሪያው እስኪገባ

አማቴ የሞቱት በበዓሉ ቀን ረፋዱ ላይ ነው። በዓመት ውስጥ ስንት ሌላ ቀን እያለላቸው ያንን መረጡ። ይህን በማለቴ ክፉ ምራት የሚለኝ ካለ ይበለኝ፤ ሃያ ስድስት ዓመት አብሬያቸው ኖሬ፣ ሲታመሙ ያነሳሁ የጣልኳቸው እኔ ነኝ። በእሳቸው መነጫነጭ መብቴ ነው።

በእኛ በባሕር ዳሯ መንደር በኡራሃማ፣ ሰው የሞተበት ቤት ዓመት እስኪሞላው የመቅደሱን ከበሮ አይነካም። ያን ቀን ደግሞ ባሌ ሴይጎ ለመጀመሪያ ጊዜ የትልቁን ከበሮ ፊት ሊመታ ነበር። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ከኋላ ሲመታ ኖሯል። የኋላው መቺ ሥራው ምቱ እንዳይቋረጥ መጠበቅ ብቻ ነው፤ የሚናገረው የፊተኛው ነው። ከበሮው የተጫነበትን ጋሪ የሚጎትቱት ስልሳ ወንዶች አንገታቸውን ስለሚደፉ መንገዱን አያዩም፤ ከበሮው ሲደራረብ ይታጠፋሉ፣ ሲሳሳ ይቆማሉ። አምና የፊተኛው መቺ የጋሼ ኢሶጂ ትከሻ እምቢ አለና መምቻዎቹ ለሴይጎ ተላለፉ። ሴይጎ ሃምሳ አንድ ዓመቱ ነው። ዘንድሮ ካመለጠው መምቻው ለጋሼ ኢሶጂ የወንድም ልጅ ይሄዳል፤ እሱ ደግሞ ገና ሠላሳ ዓመቱ ነው፣ አንዴ የያዘውን የሚለቅ ሰው አይደለም።

እንደ ወጉ ሴይጎ ሦስቱን ሌሊት መቅደስ አድሯል፤ የሚበላውም በተለየ እሳት የበሰለ ነው። ከቤት ሲወጣ እናቱ ትንሽ ከማሳላቸው በቀር ደህና ነበሩ። እኔም ብሆን ጉንፋን ነው ብዬ ነበር። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ግን ትንፋሻቸው አጠረ። እጄን ጨብጠው ወደ አፋቸው ሳቡኝ።

"ሚዎ፣ ከበሮው ማደሪያው እስኪገባ መሞቴን ማንም እንዳይሰማ። ያልሰማ ሰው አይረክስም፤ የጥንት ሕግ ነው።"

"እኔስ እማማ?"

"አንቺ ትችይዋለሽ" አሉኝ። ሲሞቱ እንኳ ሥራ አዘውኝ ሞቱ።

አጠብኳቸው፣ ነጩን ልብስ አለበስኳቸው፣ እንደ ሬሳ ወግ ራሳቸውን ወደ ሰሜን አደረግሁ። ሐኪም አልጠራ ነገር፣ ሐኪማችን ራሱ ወገቡን ታጥቆ ገመድ ሊጎትት ወጥቷል። ነሐሴ እኛ ዘንድ እሳት ነው፤ ስለዚህ ለዓሣው ብዬ ያመጣሁትን ሁለት ሣጥን በረዶ በጨርቅ ጠቅልዬ በግራና በቀኝ ጎናቸው ደረደርኩ። መስኮቱን ዘጋሁ፣ የክፍላቸውን ተንሸራታች የወረቀት በር ሳብኩ፣ ፊቴን ታጠብኩና እንግዳ ልቀበል ወጣሁ። በበዓል ቀን በር መዝጋት ነውር ነው፤ የመጣ ሁሉ ገብቶ ይበላል።

እውነቱን ልናገር፣ የምፈራው ሐሜት ብቻ አልነበረም። የስድስት ዓመት ልጅ ሳለሁ አንድ ሰው የአጎቱን ሞት ደብቆ ከበሮውን ነካ። በዚያው መከር ሦስት ሰው የያዘች ጀልባ ወጥታ ቀረች፤ አንደኛው አባቴ ነበር። ማዕበል ነው የወሰዳቸው፣ አውቃለሁ፤ ትምህርት ቤት ገብቻለሁ። ግን እናቴ እስክትሞት ድረስ የዚያን ሰው ደጅ ላለማየት ዞራ ነበር የምትሄደው። እንዲህ ያለ ነገር አንዴ ሆድ ውስጥ ከገባ ትምህርት አያወጣውም።

ከቀትር በኋላ ቤቱ በሰው ሞላ። ጎረቤቴ ሃማኤ ሳህን ታቀብለኛለች፤ ወንዶቹ ጥሬ ዓሣውንና ቀይ ባቄላ ያለበትን ሩዝ እየበሉ ይሳሳቃሉ። እኔ ጆሮዬ የወረቀቱ በር ላይ ነው። ውስጥ በረዶው ሲቀልጥ ጠብ ጠብ የሚል ይመስለኛል። አንዱ ለቢራው በረዶ አምጪ አለኝ። አልቋል አልኩት።

"ጠዋት ሁለት ሣጥን ተሸክመሽ ስታልፊ አይቼሻለሁ እኮ። ለማን ደብቀሽ ነው?"

ሰው ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ጥርሴ ብቻ። ሌላዋ ደግሞ አሮጊቷን ሳልሳለም አልሄድም ብላ ተነሳች። ትኩሳት ይዟቸው አሁን ገና ሸለብ አድርጓቸዋል ብዬ በሩ ላይ ተገተርኩ። ሴትዮዋ ቅር ብሏት ተቀመጠች። ሃማኤ ግን ፊቴን አንዴ አየችና ሳህን ወደ መቁጠሯ ተመለሰች። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ሃማኤ ከጠረጠረች ከበሮው ሳይመጣ ወሬው ሴይጎ ጋ ይደርሳል።

ከታችኛው ሠፈር ከበሮው ይሰማ ጀመር። ጋሪው ደጅ ደጁን እየቆመ ነው የሚመጣው። በቆመ ቁጥር ሴይጎ ዝም ይላል፣ የኋላው ብቻ ቀስ ብሎ ይመታል፤ ከዚያ የቤቱ ታላቅ ሰው ወጥቶ ከበሮውን አንድ ጊዜ ይመታል። የቤቱ ምት የሚባለው እሱ ነው። አንድ ጠንካራ ምት ሰማሁ፤ የዓሣ ነጋዴው ቤት። ቆይቶ ሌላ፣ ለስላሳ፤ የአስተማሪዋ ቤት። በእኛ ቤት ሠላሳ አምስት ዓመት የመቱት አማቴ ናቸው።

ይኼኔ ነው ነገሩ የበራልኝ። እሳቸው ታመዋል ካልኩ የምመታው እኔ ነኛ። ልጃችን ኦሳካ ነርስ ናት፣ ፈቃድ አላገኘችም። እንግዳ ደግሞ የሰው ቤት ምት አይመታም። እኔ ደግሞ ሬሳ አጥቤያለሁ። ስለ በረዶው አስቤ፣ ስለ መስኮቱ አስቤ፣ ምን ብዬ እንደምዋሽ እንኳ አስቤ፣ የገዛ እጄን ረስቼው ነበር።

ወጥ ቤት ገብቼ እጄን ርኩሰት ያነጻል በሚባለው ጨው ፈተግሁት። ይህ ጨዋታ ነው፤ ርኩሰቱ በጨው የሚለቅ ቢሆን ዓመት መጠበቅ ለምን ያስፈልግ ነበር? ሌላ ምት ሰማሁ፣ ቀጥሎ ሌላ። የቀረን የሃማኤ ቤት ብቻ ነው። አባቴ ትዝ አለኝ፤ ገመድ የሚጎትቱት ስልሳ ሰዎች ግማሾቹ ነገ ጠዋት ባሕር የሚወጡ ናቸው። የሃማኤ ባል የቤቱን መታ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል።

ጋሪው ደጃችን ቆመ። ሴይጎን ጋሪው ላይ ቁጭ ብሎ አየሁት፤ ደረቱ በላብ ረጥቧል፣ ደስታው ከፊቱ አልፎ ትከሻው ላይ ይታያል። ዓይኑ መስኮቱን ፈለገ። ዝግ ነው። ከዚያ እኔን አየኝ፣ ፈገግ አለ፣ ወርዶ መምቻውን በሁለት እጁ ዘረጋልኝ።

እጄን ወደ ኋላዬ ደበቅሁ።

ለምን እንደዚያ እንዳደረግሁ አላውቅም፤ አስቤበት አይደለም። እጄ ነው እምቢ ያለው። የሴይጎ ፈገግታ እፊቱ ላይ ደርቆ ቀረ። መስኮቱን ደግሞ አየ፣ ከመስኮቱ ወደ ክንዴ፣ ከክንዴ ወደ ዓይኔ። የኋላው መቺ ብቻውን ይመታል። ወንዶቹ አንድ በአንድ ቀና አሉ። የባሌ ከንፈር ተላቀቀ፤ ሊጠይቀኝ ነው። ከጠየቀኝ ደግሞ ልዋሸው አልችልም።

ጋሼ ኢሶጂ ከጋሪው ፊት ነበሩ፤ አሁን የጎታቾቹ አዛዥ ናቸው። ያለ እሳቸው ፈቃድ ጋሪው አንድ ክንድ አይራመድም። ለወንድማቸው ልጅ እንደሚያዳሉም አገር ያውቃል። በበትራቸው እየተደገፉ መጥተው በመሃላችን ቆሙ።

"ሴይጎ፣ እኔ የሰማሁት ነገር የለም" አሉ። "አንተ የሰማኸው ነገር አለ?"

ሴይጎ መምቻውን ጨበጠ። የወንድማቸው ልጅ ገመዱን እንደያዘ ነው፤ ዓይኑ አሸዋው ላይ ነው።

"ጠየቅሁህ እኮ ልጄ።"

"የለም" አለ ሴይጎ። "አልሰማሁም፣ ጋሼ።"

"እንግዲያው አንተም የዚህ ቤት ሰው ነህ። ምታና እንሂድ።"

ባሌ ወደ ከበሮው ዞረ። ክንዱን አንስቶ አቆየው፤ በጣም አቆየው። ከዚያ መታ። አንድ ጊዜ። ምቱ በእግሬ ሥር ገብቶ ደረቴ ላይ ወጣ። ሴይጎ ጋሪው ላይ ወጥቶ ተቀመጠና ጉዞው ቀጠለ።

ያዩት ሁሉ እንደዚያ ቀን የመታ የለም ይላሉ። እኔ ውበቱን አልሰማሁም፤ የምሰማው ይቋረጥ እንደሆነ ብቻ ነበር። ከእኛ ደጅ በኋላ ትልቁ ቁልቁለት አለ። እዚያ ላይ መቺው ልቡ ከሌለ ጋሪው ሰው ላይ ይወጣል። ምቱ ተደራረበ፤ ታጠፉ። ሳሳ፤ ቆሙ። እንደገና ተደራረበ። በሩ ላይ ቆሜ ከንፈሬን ነክሼ ጨርሼዋለሁ።

ቤት ስመለስ ሳቁ ሞቷል። ማንም "እግዜር ያጽናሽ" አላለኝም፤ እሱን ማለት መንገር ነውና። ያ በረዶ የጠየቀኝ ሰው ተነስቶ ስለ ምግቡ አመሰገነኝ፤ ከዚያ ወደ ወረቀቱ በር ዞሮ ጎንበስ አለና ወጣ። ሌሎቹም ተከተሉት። ሃማኤ እጅጌዋን ሰብስባ ሳህኑን ሁሉ አጠበች፤ ለካ ፊቴን ካየች ጀምሮ አውቃ ኖሯል። ስትወጣ ከቤቷ በረዶ አምጥታ ደጃፌ ላይ አስቀመጠችልኝ።

ፀሐይ ባሕሩ ላይ ስትወርድ ከበሮው ዝም አለ። አሁን ሲያስገቡት ነው፣ አሁን በሩን ሲዘጉት ነው እያልኩ ቁጭ አልኩ። ቆይቶ የእግሩን ኮቴ ሰማሁ። ሴይጎ ደጁ ላይ ቆመ እንጂ አልገባም። እጁ ላይ የጠመጠመው ጨርቅ በደም ርሷል።

"ገብቷል፣ ሚዎ" አለኝ። "አሁን መርዶዬን ንገሪኝ።"

"እማማ ሞተዋል" አልኩት። "ዛሬ ረፋዱ ላይ።"

ሴይጎ ደጃፉ ላይ ተቀመጠና ያን ጊዜ ገና እንደሰማ ሰው አለቀሰ። እኔም ከጠዋቱ ጀምሮ አንዲት ጠብታ አላወጣሁም ነበር፤ ማልቀስም መንገር ነው። አጠገቡ ተቀምጬ መንደሩ ሁሉ እስኪሰማ ጮህኩ።