ፊልም ያዳነው ሰው

እስቲ እናንተው ፍረዱ፤ ሰሊጥ አበባው ሳይረግፍ ታጭዶ የሚከመርበት አገር የት ነው? በኅዳር ወር፣ ቆላ ላይ፣ ሰማይ ተቀዶ ዶፍ የሚወርድበትስ? ከመተማ ዝቅ ብሎ፣ ጓንግ ወንዝ ዳር፣ ባሕር ዛፍ እንደ ወታደር ተሰልፎ ያየ ሰው አለ? በዚያ ሐሩር ጋቢ ተከናንቦ የሚያጭድ ሰውስ?

ፊልሙ ላይ ይህ ሁሉ አለ። ምንይችል ያየው ሱዳን ውስጥ፣ ገዳሪፍ፣ ሰሊጥ ከሚያበጥርበት መጋዘን ጥላ ሥር፣ በምሳ ሰዓት፣ በጓደኛው በባዬ ስልክ ነው። አንድ ሳህን ፉል መሀላቸው አስቀምጠው፣ ስልኩን ከውኃው ጆግ ጋር አስደግፈውታል። ሁለቱም በየዓመቱ ከደጋ ወደ ቆላ ለሰሊጥ አጨዳ ይወርዱ ከነበሩት፣ ሳሉግ ከሚባሉት ናቸው። ስለዚህ ባዬ ገና ከጅምሩ በሳቅ ሊፈርስ ደረሰ።

«አየኸው ጀግናውን? ግራ ክንዱን ነበር የተመታ። አሁን ፋሻው ቀኙ ላይ ነው። ቁስል ይሰደዳል እንዴ፣ እንደኛ?»

ምንይችል አልሳቀም።

«ተመልከት ደግሞ! በአንድ ካዝና አምሳ ሰው ጣለ። እንዲህ ያለ ክላሽ ቢኖረንማ እኔና አንተ እዚህ ፉል እንሻማ ነበር?»

«ዝም በል እስቲ፣ ባዬ።»

ያስደነገጠው ፋሻውም ክላሹም አልነበረም። ፊልሙ ውስጥ ካሉት አጫጆች አንደኛው ፈገግ ብሎ «አየነው ታከለ እባላለሁ፤ የጭልጋ ልጅ ነኝ» አለ። አየነው ታከለ የምንይችል ታናሽ ወንድም ነው። የዛሬ አምስት ዓመት በኅዳር፣ ታጣቂዎች እርሻውን በከበቡ ዕለት፣ ሰሊጥ በሚራገፍበት ሸራ ላይ በጥይት ተመትቶ ቀርቷል። ፊልሙ ስለዚያው እርሻ፣ ስለዚያው ቀን ነው። ሲጀምር ትልልቅ ፊደላት ወጥተው «በእውነተኛ ታሪክ ላይ የተመሠረተ» ብለው ምለዋል።

ፊልሙ ላይ ግን አየነው አይቀርም። ይመታል፤ ይወድቃል፤ ሙዚቃው ያለቅሳል፤ ከዚያ ብድግ ይላል። በዚያ ቀን ከጉልበት በታች የነበረው ጓንግ ፊልሙ ላይ ባሕር አክሏል። አየነው ያንን ባሕር በአንድ እጁ እየቀዘፈ ይሻገራል፤ ማዶ ሲወጣ ልብሱ ደረቅ ነው። ምንይችል የልብሱን መድረቅ እያየ እንኳ፣ ሳያስበው፣ «ሩጥ፣ አይዞህ ሩጥ» ሲል ራሱን ሰማው። መጨረሻ ላይ ጽሑፍ መጣ፦ አርባ ሁለቱም አጫጆች ድነዋል፤ ዛሬ ገዳሪፍ ይኖራሉ።

ባዬ ሳቁን ዋጠ። «ያንተው አየነው ነው?»

«የኔው።»

«እና ለምን አዳኑት?»

ሰው ለምን ገደልክ ይባላል፤ ለምን አዳንክ ተብሎ ሲጠየቅ ምንይችል ሰምቶ አያውቅም።

በሦስተኛው ቀን እናቱ ሙሉነሽ ከጭልጋ ደወለች። ሰላምታ አላስቀደመችም።

«አየነውን አገናኘኝ።»

«እማየ…»

«አገናኘኝ አልኩህ። ተቀይሞኝም ከሆነ ይቅርታ እለዋለሁ።»

«እማየ፣ አየነው እኮ ሙቷል። ተዝካሩን አውጥተሻል።»

«የቁም ሰው ተዝካር ነዋ ያወጣሁ! እህትህ ዘቢብ በስልኳ አሳይታኛለች። አገሩ ሁሉ አይቶታል። ሰው በመንገድ እያስቆመ እንኳን ደስ ያለሽ ይለኛል፤ አንተ ግን ይኸው አምስት ዓመት ደበቅኸኝ።»

ምንይችል መጀመሪያ ላይ ቀላል መሰለው። እናቱ ዕድሜዋን ሙሉ አፈር ስትገፋ የኖረች ሴት ናት፤ የፊልሙ ስሕተት ደግሞ ዝሆን ያህላል። አንድ በአንድ ያሳያታል፤ ያልቃል።

«እማየ፣ ኅዳር ላይ ቆላ እንዲያ ይዘንባል?»

«አይዘንብም።»

«ጓንግ ዳርስ ባሕር ዛፍ አለ?»

«የት አባቱ ይበቅላል!»

«አበባ ላይ ያለ ሰሊጥ ይታጨዳል?»

«ያበደ ካልሆነ።»

«ያ የሚሮጠው ልጅስ አየነው ነው?»

«አንተ፣ እብድ መሰልኩህ? የኔ ልጅ ገጣጣ ነው፤ ያኛው ጥርሱ እንደ ዛጎል የተደረደረ የከተማ ልጅ ነው። ተዋናይ መሆኑ ይጠፋኛል?»

«እንግዲያስ!»

«እንግዲያስ ስማኝ፣ ልጀ። ሰው ዝናብ ይሳሳታል። ዛፍም ይሳሳታል፤ የከተማ ሰው ሰሊጥ የት ያውቃል። ግን ሙቶ የቀረን ልጅ፣ ስሙን ከነአባቱ ጠርቶ፣ ዳነ ብሎ የሚሳሳት ምን ዓይነት ሰው ነው? ይኼን የሚያደርግ ከእናት ተወልዶ ያውቃል?»

ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ደግሞ ቀበርኩት ብለኸኝ ነበር። የት?»

«ከቁርቁራ ዛፍ ሥር።»

«በለቅሶው ሰሞን ከዋርካ ሥር ነበር ያልከኝ።»

ዋርካም ቁርቁራም አልነበረም። አየነው ሸራው ላይ ወድቆ «ምኔ! ምኔ!» እያለ ሲጠራው ምንይችል ወደ ወንዙ ሮጧል። ዞር አላለም። ማዶ ወጥቶ ሣር ውስጥ በደረቱ ከተኛ በኋላ ነው ጢሱን ያየው፤ ታጣቂዎቹ ክምሩን ከነሸራው ለኩሰውታል። ሰሊጥ ዘይት ነው፤ አንዴ ከተያያዘ የሚያጠፋው የለም። ይህን ለእናት በስልክ እንዴት ብሎ ይነግራል? ፍትሐት ያልደረሰው ልጅ ቢያንስ አፈር ይድረሰው ብሎ በቃሉ መቃብር ቆፈረለት። መቃብሩንም የት እንደቆፈረ ረሳው።

«እማየ» አለ በመጨረሻ፣ «አልቀበርኩትም። ትቼው ነው የሮጥኩ።»

መስመሩ የተቋረጠ መስሎት «ሀሎ» አለ።

«አለሁ» አለች። «መጀመሪያ ዋርካ አልከኝ፤ ቀጥሎ ቁርቁራ፤ አሁን ደግሞ ትቼው ሮጥኩ። ትተኸው ከሮጥህ መሞቱን በምን አወቅህ?»

እሳቱን ሊነግራት አፉን ከፈተ። አልወጣለትም። ስልኩ ተዘጋ።

እሳቱን የነገረው ለአንድ ሰው ብቻ ነው፤ ለፊልሙ አዘጋጅ ለስለሺ። ነገሩ በሆነ በጥቂት ወራት ስለሺ ከአዲስ አበባ ገዳሪፍ ድረስ መጥቶ፣ ትንሽ መቅረጫ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ፣ ሁለት ሰዓት ሙሉ ሲያናግረው ነበር። ምንይችል ሁሉንም ነገረው፤ ሩጫውን፣ ጥሪውን፣ ጢሱን። ስለሺም ዓይኑን እየጠረገ «የወንድምህ ስም እንዳይጠፋ አደርጋለሁ» ብሎ ማለለት። ቁጥሩ አሁንም ስልኩ ውስጥ ስላለ ደወለለት።

«ወንድሜ ምንይችል! ፊልሙን አየኸው? እንዴት ነው?»

«አየነውን ለምን አዳንከው?»

ስለሺ ሳቅ አለ፤ የክፋት ሳቅ አልነበረም። «አየህ፣ መጀመሪያ ገድለነው ነበር። ለሙከራ ስናሳይ ሰው እያለቀሰ አዳራሹን ጥሎ ወጣ። ሕዝባችን ሐዘን በዝቶበታል፤ ተስፋ ያስፈልገዋል።»

«ስሙን መቀየር ነው ያቃተህ?»

«ለክብሩ እኮ ነው! ስሙ አይጠፋም ብዬህ አልነበር?»

«እናቴ በሕይወት አለ ብላለች። ደውልላትና አልዳነም በላት። አንድ ደቂቃ አይፈጅብህም።»

«እንዲህ ያለ ነገር በጠበቃችን በኩል ነው የሚያልፈው። ደግሞ ድርሰት ነው እኮ፤ ድርሰት መሆኑን ሰው ያውቃል።»

«ታዲያ እውነተኛ ታሪክ ብለህ ለምን ጻፍክ?»

«እሱ የማስታወቂያ ቋንቋ ነው።»

«እሺ፣ ያን ጊዜ የቀዳኸውን ድምፄን ላክልኝ። እሱን ላሰማት። አሁን የምናገረውን አታምነኝም።»

«ማህደር ውስጥ መሆን አለበት። እናየዋለን።»

ከዚያ በኋላ ስለሺ ስልክ አላነሣም።

ፋሻ ከግራ ወደ ቀኝ ቢዞር ማን ይጎዳል የሚሉ አሉ። ጥበብ ነው፣ ልብ ወለድ ነው፣ አታክርሩት ይላሉ። እነዚህ ሰዎች ነገሩ አልገባቸውም፤ ወይም እንዲገባቸው አይፈልጉም። ሰሊጥ በየትኛው ወር እንደሚያብብ አንድ ገበሬ ለመጠየቅ የታከተው ሰው፣ የሟች እናት ፊልሙን ብታየው ምን ትሆናለች ብሎ ለመጠየቅም ይታክተዋል። ስንፍናው አንድ ነው፤ ንቀቱም አንድ ነው። የመጀመሪያው ያስቃል፤ ሁለተኛው ሰው ከቤቱ ያስወጣል።

አስወጣም። በሳምንቱ እህቱ ዘቢብ እያለቀሰች ደወለች።

«እማየ ሄደች።»

«ወዴት?»

«ወዳንተ ነዋ! ለተዝካሩ ለቆሎ ተማሪው የሰጠችውን የአየነውን ጫማ ለምና አስመለሰች። እሱን ይዛ ጎህ ሲቀድ በአይሱዙ ወጣች። ገዳሪፍ ይኖራል ብሎ ጽፎ የለ፣ አለችኝ። መንገዱ አይሆንም፣ ያግቱሻል፣ ይተኩሱብሻል ብየ እግሯ ላይ ወደቅሁ። አልሰማችም።»

«ስልኳስ?»

«ገንዳ ውኃ ከተማ ሳትደርስ ተዘጋ።»

ከጭልጋ ወደ መተማ የሚወርደውን መንገድ ምንይችል ያውቀዋል። ጤነኛ ወንድ በአጃቢ የሚያልፍበት መንገድ ነው፤ በዚህ ዓመት ደግሞ አጃቢውም ይታገታል። በማግስቱ ሥራውን ትቶ፣ ወደ ገላባት ድንበር በሚሄድ ከባድ መኪና ላይ፣ የባዶ ጆንያ ክምር መሀል ገብቶ ተቀመጠ። እሱ ደርሶ ድንበሩ ላይ ቆሞ ይጠብቃታል፤ ሌላ ሐሳብ አልነበረውም። ሰሞኑን ከሻ ነበር፤ ወረቀት የሌለው የውጭ አገር ሰው ሁሉ ይታፈሳል። ዶካ ኬላ ላይ አንድ ወታደር ጆንያውን በሰደፉ ገለጥ አደረገ።

«ወረቅ፣ ያ ሐበሺ!»

ምንይችል ወረቀት የለውም። ባለችው የገበያ ዐረብኛ እናቱ እየመጣች መሆኑን፣ አሮጊት መሆኗን፣ ብቻዋን መሆኗን አስረዳ። ወታደሩ ክፉ ሰው አልነበረም፤ እስኪጨርስ ሰማው። ከዚያ «እናት የሌለው ማን አለ?» አለና ከሌሎች አሥራ አንድ ሰዎች ጋር ጭኖ ወደ ገዳሪፍ መለሰው። አራት ቀን ታስሮ፣ የመጋዘኑ ባለቤት መጥቶ ሠራተኛዬ ነው ሲል ተለቀቀ። ሁለተኛ ከተማውን ለቆ ቢያዝ ከአገር እንደሚባረር ነገሩት። ወዴት እንደሚባረር ግን አልጠየቀም።

ሲመለስ ባዬ በር ላይ ጠበቀው።

«ደወለች?» አለው ምንይችል።

«የለም። ዘቢብም አልሰማችም። ገንዳ ውኃ ያሉትን ሁሉ ጠይቀናል፤ አንዱ አይቻታለሁ ይላል፣ ሌላው ያች ሌላ ሴት ናት ይላል።» ባዬ ስልኩን አቀበለው። «ይኼን ግን እይ።»

ፊልሙ ከተለቀቀበት ገጽ ሥር ሰው አስተያየት ጽፏል። አንዱ የፋሻውን ነገር አንሥቶ ቀልዷል። ስለሺ ራሱ፣ በስሙ፣ በሰዓቱ መልሶለታል፦ «ጥሩ ዓይን አለህ! በሚቀጥለው እናርማለን።» የተጻፈው ምንይችል ዶካ ላይ ጆንያ ሥር በነበረበት ቀን ነው።

«ለፋሻ ይመልሳል» አለ ባዬ። «ጻፍለት። ስድብም ጨምርበት፤ እኔ አቀብልሃለሁ፣ የማይሽር አለኝ።»

«ስድብ ካለበት ያጠፋዋል።»

ምንይችል ግድግዳው ጥግ ተቀመጠ። በአንድ አውራ ጣቱ፣ እየሳተ እየሰረዘ፣ ረጅም ጊዜ ጻፈ። ባዬ በትከሻው ላይ አሻግሮ ሲያነብ ቆየና መሀሉ ላይ ሲደርስ እጁን ያዘው።

«ምኔ፣ ይኼን አትጻፍ። አገር ሁሉ ያነበዋል። ቤትህ መግባት ያቅትሃል።»

«ልቀቀኝ።»

ለቀቀው። ምንይችል ጨርሶ ላከው፦

«ስለሺ፣ እኔ የአየነው ወንድም ምንይችል ታከለ ነኝ። አየነው አልዳነም። ሸራው ላይ ወድቆ ሲጠራኝ ትቼው ሮጥኩ፤ ክምሩን ሲለኩሱት ከማዶ ሆኜ አየሁ። ይህን ለአንተ ብቻ ነግሬሃለሁ፤ ድምፄ እጅህ ላይ አለ። እናቴ አንተን አምና ልጇን ፍለጋ ወጥታለች፤ ስድስት ቀኗ ነው፤ የት እንዳለች የሚያውቅ የለም። በስልክ አትደውልልኝ። ጠበቃም አትላክብኝ። ፊልሙን በለቀቅክበት በዚሁ ቦታ፣ ፊትህን አሳይተህ፣ በራስህ አፍ ተናገር። ድምፄንም ሳትቆርጥ ለሕዝብ አሰማ፤ በሱ የማፍረው እኔ ነኝ፣ አንተ አይደለህም። መንገድ ላይ ያለች አንዲት ሴት ከሰው ስልክ ትሰማው ይሆናል። አየነው ታከለ ድኗል ወይስ ሞቷል? እሷ በምትሰማበት፣ ሰው ሁሉ በሚሰማበት፣ በአደባባይ መልስ።»