የአርባ ስምንቱ ማንዶሊን

ደክሞኛል። ሠላሳ ዓመት የሰው ክራር፣ ጊታርና ማንዶሊን ስጠግን ኖሬያለሁ። አምቦ ላይ ሥራውን የሚያውቅ ሌላ ሰው ስለጠፋ ብቻ፣ እኔ ያልኩት ሁሉ እንደ ወንጌል ይታመናል። ጣጣው የመጣውም ከዚሁ ነው።

ኦቦ ኤጄታ ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው። የዛሬ ስድስት ዓመት የጃፓን ማንዶሊናቸውን ይዘው መጡና መቼ እንደተሠራ ጠየቁኝ። አባታቸው በ1958 ነው የሞቱት። እናታቸው ደግሞ በ1966፣ ከጊንጪ ሲመለሱ፣ "አባትህ አክስትህ ዘንድ ትቶልህ ነበር" ብለው ማንዶሊኑን ሰጧቸው። በቀዳዳው አጮልቄ አየሁ። ውስጡ በተለጠፈው ወረቀት ላይ፣ ከማላውቀው ጽሕፈት መሃል 48 የሚል ቁጥር አለ። "አርባ ስምንት ዓመተ ምሕረት!" አልኩ ደረቴን ነፍቼ። ሰውየው አለቀሱ። ከአባታቸው የቀረላቸው ይኸው ብቻ ነበራ።

ባለፈው ሳምንት ኢዮሲያስ የሚባል የዩኒቨርሲቲ ተማሪ 49 የሚል ሌላ የጃፓን ማንዶሊን አመጣ። ስልኩን ጎርጉሮ፣ ጃፓኖች ያን ቁጥር የሚቆጥሩት ንጉሣቸው ከነገሠበት ዓመት ጀምረው እንደሆነ ነገረኝ። የራሱ ዘመን አቆጣጠር ያለው እኛ ብቻ መስሎኝ! አሰላን። የኦቦ ኤጄታ 48 በእኛ 1965 ሆኖ ተገኘ። አባትየው ከሞቱ ከሰባት ዓመት በኋላ ማለት ነው።

ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ብዬ ልተወው ነበር። ትናንት ግን ራሳቸው መጡ። ልጃቸው ጃለኔ ልታገባ ነው፤ ማንዶሊኑን ሊሰጧት አስበዋል።

"በእጅህ ጻፍልኝ፣ አሻግሬ" አሉ። "አያትሽ የገዛው፣ የአርባ ስምንት ሥራ፣ በልልኝ።"

ጊዜ ለመግዛት ማንዶሊኑን አገላብጬ አየሁት። ፊቱ ኮምፔርሳቶ ነው፤ በቀዳዳው ጠርዝ ላይ ንብርብሩ ይታያል። ውድ ዕቃ አይደለም። አንገቱ ግን ዛሬም አልጎበጠም፤ የሠራው ሰው አልሰነፈም። እስክሪብቶ አነሳሁና መጻፍ አቃተኝ። አፈርኩ።

"ኦቦ ኤጄታ፣ ያኔ ተሳስቼ ነበር። የተሠራው በስድሳ አምስት ነው። አባትዎ ሊገዙት አይችሉም።"

ይቆጡኛል ብዬ ጠበቅኩ። ማንዶሊኑን ጭናቸው ላይ አስተኙት።

"ማንዶሊኑን ያመጣችልኝ ጊዜ፣ ሃርሜ እናቴ ጊንጪ የሄደችው በሬያችንን እየነዳች ነበር" አሉ። "አክስቴ ታሳርስበት፣ ላውሳት ብላ። ስትመለስ በሬው መንገድ ላይ ሞተ አለችን። ያን ክረምት በቀረን አንድ በሬ ከጎረቤት ጋር ተቀናጅተን አረስን።"

"እና?"

"ቆዳውስ ብዬ ጠየቅኋት። የሞተ በሬ መቼም ቆዳው ይገፈፋል። አልመለሰችልኝም።"

እሳቸው መነጽራቸውን አውልቀው በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉ፤ መልሰው ግን አላደረጉትም።

"ጻፍ" አሉ። "አያትሽ ጉዴ የገዛችው፣ በስድሳ ስድስት።"

ጻፍኩ። ፊደሉ አላማረም።

"ሃርሜ እስክትሞት ድረስ፣ ማንዶሊኑን ባነሳሁ ቁጥር አባቴን እመርቅ ነበር" አሉ ኦቦ ኤጄታ። "አጠገቤ ቁጭ ብላ አሜን ትል ነበር።"