ፕላንታው ምን ጠጣ?

የክርስትና ልጄ ዩሌይሲ ያን ቅዳሜ አሥር ሰዓት ላይ ልታገባ ነበር። ቤተ ክርስቲያን የማደርሳት እኔ ስለሆንኩ ክራቫቴን አስሬ፣ በኤኔይዳ ፀጉር ቤት ጥግ ተቀምጬ መቁጠሪያዬን እቆጥራለሁ። አባ አንሴልሞ ሁለተኛው ደወል እንዳበቃ በር የሚዘጉ ሰው ናቸው። የዘገየች ሙሽራ ሌላ ወር ትመለሳለች እንጂ አይከፍቱላትም።

መብራት እንደ ልማዱ ሄዷል። ጓሮ ያለው ጀነሬተር ተነሥቷል፤ ግን ምን ዋጋ አለው? አንዴ ሽቅብ ይጮኻል፣ አንዴ ቁልቁል ያቃስታል። አምፖሉ ቦግ ይልና መልሶ ይፈዛል። የፀጉር ማድረቂያው የልጅቷን ጭንቅላት ሊጠብስ ይደርስና ወዲያው ትንፋሹ ያጥረዋል። የፀጉሯ ግራ ጎን እንደ ሐር ተኝቷል፤ ቀኙ እንደ ጎመን ቆሟል።

«ግማሽ ሙሽራ ሆኜ ልቀር ነው!» አለች ዩሌይሲ።

«አታልቅሺ፣ ኩልሽ ይወርዳል» አለቻት ኤኔይዳ። «እማዬ! ለራዳሜስ ደውዪለት፣ ስለ ፕላንታው ንገሪው!»

እዚህ ባኒ ከተማ ጀነሬተሩም ፕላንታ ነው፣ በማሰሮ የተተከለው አበባም ፕላንታ ነው። የኤኔይዳ እናት ዶኛ ኩካ ደግሞ በሕይወታቸው ከአበባ ሌላ ፕላንታ አያውቁም። ጆሯቸው ስለደከመ የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርገው ነው የሚያወሩት፤ ሁላችንም ሰማን።

«ዶኛ ኩካ፣ ፕላንታው ምን ሆነ?» አለ መካኒኩ ራዳሜስ፣ ስለ ፕላንታው እንደደወሉ ሲነግሩት።

«ደህና ነው ልጄ። ጠዋት አጠጥቼዋለሁ።»

«ምን አጠጡት?»

«ውሃ ነዋ! ሮም አረቄ ላጠጣው ኖሯል?»

«ውሃ! በየት በኩል?»

«ከላይ፣ ከሥር እስኪፈስ ድረስ።»

ከስልኩ ውስጥ የዶሚኖ ጠጠር ሲበተን ተሰማ።

«ሌላ ነገር ጨምረውበታል?»

«ትንሽ የላም እበት። እንዲያብብልኝ ብዬ።»

«እመቤቴ ድረሽ! ማንም እንዳይነካው! መጣሁ!»

ዶኛ ኩካ ስልኩን ዘጉና «ለአበባ እንዲህ የሚጨነቅ ወንድ አይቼ አላውቅም» አሉ።

«ዶኛ ኩካ፣ እሱ የጠየቀዎት እኮ...» ብዬ ጀመርኩ።

«አንተ ጸሎትህን ጨርስ!» አሉኝ። ወደ መቁጠሪያዬ ተመለስኩ።

ራዳሜስ በሞተር ብስክሌት እየበረረ መጣ። ማንንም ሳያናግር ጀነሬተሩን አጠፋ፣ ነዳጁን ሳፋ ውስጥ ገለበጠ፣ ተንበርክኮ አሸተተ።

«እበቱ የት ገባ?» አለ፣ ቅር እንዳለው ሰው።

«እዚያ ምን ትፈልጋለህ?» ብለው ጮኹ ዶኛ ኩካ ከበረንዳው። «ፕላንታዬ እዚህ ነው!»

ራዳሜስ አበባውን አየ፤ ሳፋውን አየ። ኤኔይዳ ሳቋ ስላሸነፋት መሬት ተቀመጠች። ያልሳቀችው ዩሌይሲ ብቻ ናት፤ የመጀመሪያው ደወል ተደውሏልና።

ያኔ ዝም ማለት ከበደኝ። «ወንድሜ፣ ሞተሩን ስሰማው ብርድ ልብስ ተከናንቦ እንደሚተነፍስ ሰው ነበር» አልኩ።

ራዳሜስ አየር የሚገባበትን ክዳን ፈታ። ውስጡ ያለው የአየር ማጣሪያ ስፖንጅ ፀጉር አብቅሏል! ጀነሬተሩ የቆመው ኤኔይዳ ፀጉር ጠርጋ በምታወጣበት በር አጠገብ ነው። ጥቁሩ፣ ቀዩ፣ ቢጫው፣ የባኒ ሴት ሁሉ እዚያ አለች።

«ይቺ ቢጫዋ የከንቲባው ሚስት ናት» አለች ኤኔይዳ።

«አየር ሲያጥረው ነዳጁ ይበዛበታል፤ ይታፈናል፣ ይንፈራገጣል» አለ ራዳሜስ። «ስፖንጁን እጠቢው። ማቀዝቀዣውንም ንቀሉ፤ ኃይሉን ማድረቂያው ብቻውን ይብላ።»

ኤኔይዳ በሻምፑ አጠበችው፤ የፀጉር ማለስለሻ ልትጨምርበት ስትል ራዳሜስ ነጠቃት። ጨምቆ ፀሐይ ላይ አደረቀው፣ ዘይት ቢጤ አስነካውና መለሰው። ነዳጁን ሞልቶ ገመዱን ሳበ። ሞተሩ ሳይቆራረጥ በአንድ ድምፅ መሥራት ጀመረ። እኔም በልቤ «ተመስገን» አልኩ።

ማድረቂያው ሲያጓራ፣ ቀኙ ጎን ሲተኛ፣ ሁለተኛው ደወል ጀመረ። ዩሌይሲ ቬሎዋን ሰብስባ የራዳሜስ ሞተር ብስክሌት ላይ ወጣች። እኔ በእግሬ ከኋላ ሮጥኩ፤ ክራቫቴ ትከሻዬ ላይ ሄደ።

አባ አንሴልሞ ቁልፉን ይዘው በሩ ላይ ቆመዋል። ከላይ እስከ ታች አዩዋት፤ ዞረውም ከኋላዋ አዩዋት።

«ልጄ፣ ማጅራትሽ ላይ አንድ የፀጉር መጠቅለያ ቀርቷል።»

«እሱም ይግባ፣ አባ» አለች እያለከለከች። «እንዴት እንደተጣደፍኩ ይመስክርልኝ።»

አባ ቁልፉን ኪሳቸው ከተቱና ገለል አሉላት።