ባሌና የልቡ ቧንቧ

ባሌ የቧንቧ ሠራተኛ ነው። የጠበበውን የልቡን ደም ሥር ስቴንት በሚሉት ቀጭን የሽቦ መረብ ከከፈቱለት ወዲህማ ራሱን የሐኪሞቹ የሥራ ባልደረባ አድርጎ ቁጭ አለ። ሊጠይቀው ለመጣ ሁሉ ደረቱን እያሳየ፣ "እኔ ብሆን መጋጠሚያውን ትንሽ ጠበቅ አደርገው ነበር" ይላል።

ታዲያ ጉንፋን ያዘው። ትኩሳቱ አይጣል ነው፤ ሳሉ ግድግዳ ያነቃንቃል። ሾርባ ይዤ ስገባ ደሙ እንዳይረጋ የታዘዘለት ኪኒን ትናንት ካስቀመጥኩበት ንቅንቅ አላለም።

"ይሄን ለምን አልዋጥክም?"

"ዘግቼው ነው።"

"ምኑን?"

"የልቡን ሥራ ነዋ! አንድ መስመር ላይ ሁለት ሠራተኛ አይገባም። የጉንፋኑ መድኃኒት ይጨርስና ያኛውን እከፍተዋለሁ።"

ደሜ ፈላ። ኪኒኑን ያዘዘችለት ሐኪም፣ "ሳትጠይቁኝ አንድም ቀን እንዳታቋርጡ" ስትል አብሬው ነበርኩ።

"አንተ ሰው፣ ሆድህ ውስጥ መፍቻ ይዞ የሚዞር አለ እንዴ?"

"አንቺ ደግሞ ነገር ማካበድ ትወጃለሽ" ብሎ ፊቱን አዞረ። ወዲያው ግን ደረቱን በመዳፉ ሲጫን አየሁት። ንዴቴ ብን ብሎ ጠፋ።

"አመመህ?"

"ሳሉ ነው... መሰለኝ።"

እሱ "መሰለኝ" ሲል ሰምቼ አላውቅም። ጫማውን እኔው አጥልቄለት በታክሲ ሆስፒታል ደረስን።

ደረቱ ላይ ሽቦ ለጣጥፈው ልቡን ሲያዩ፣ ደሙን ወስደው ሲመረምሩ፣ ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ፈጣሪን ተለማመጥኩ። በመጨረሻ ሐኪሟ ጠራችኝ። ልቡ ደህና ነው፤ ያመመው ሳሉ ነው። ከዚያ ወደ እሱ ዞረች።

"አባባ፣ ሰውነት ከቫይረስ ጋር ሲታገል ደም ለመርጋት ይቀለዋል። ኪኒኑ ከምንም ጊዜ በላይ የሚያስፈልግዎት አሁን ነው። ስቴንቱ ተዘግቶ ቢሆን እንዲህ ቁጭ ብለን አናወራም ነበር።"

"እኛ እኮ ስንጠግን መጀመሪያ ዋናውን መክፈቻ ነው የምንዘጋው።"

"ይሄኛው አይዘጋም።"

ጣሪያውን አየ፤ እኔን አየ።

"ተሳስቻለሁ" አለ።

ይህችን ቃል ከተጋባን ጀምሮ ስጠብቃት ኖሬያለሁ። ለቀኗ ያጠራቀምኩት ሽሙጥ ቢሰፈር ጆንያ ይሞላል። አንዱም አልመጣልኝም። ኪኒኑን ከውሃ ጋር እጁ ላይ አስቀመጥኩና ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ።

"አሁን ደግሞ ምን ሆንሽ?" አለኝ ደንግጦ።

"ዋጥ!" አልኩት።