ቀና፣ ደፋ

ተመራማሪዋ ጥቁር ቡናዋን በላይ በላዩ እየጠጣች፣ በሁለት የመስታወት ሣጥኖች ውስጥ ባሉ ሁለት አይጦች ላይ አፍጣለች። አንደኛው አነቃቂ መድኃኒት፣ ሌላው ተራ የጨው ውሃ ተወግቷል። የትኛው ምን እንደተወጋ የሚያውቁት መርፌውን የያዙት አንጋፋ ባልደረባዋ ብቻ ናቸው፤ ተመልካች አስቀድሞ ካወቀ ዓይኑ ያደላል። የእሷ ድርሻ መድኃኒቱ አንድ ነገር እያስደጋገመ የሚያውለውን አይጥ መለየት ነው።

የግራው የሣጥኑን ጥግ ያሸታል፤ ደግሞ ያሸታል፤ ጥጉ ጥሎኝ ይሄዳል ብሎ ነው መሰል፣ አሁንም ያሸታል። የቀኙ ደግሞ ቀና ይላል፣ አንገቱን ይደፋል፣ እንደገና ቀና ይላል።

«ጋሼ፣ ዛሬስ ጉድ ሠሩኝ! ሁለቱንም መድኃኒት ወግተዋቸዋል።»

«ኧረ በስመ አብ በይ!»

«ይኸው፣ በዓይንዎ ይዩት! የቀኙ እኮ አንገቱ ሊቀነጠስ ነው!»

«ልጄ፣ መጀመሪያ ያንን ስክሪብቶ አስቀምጪልኝ። ከጠዋት ጀምሮ ጠቅ ጠቅ እያደረግሽ ናላዬን አዞርሽው።»

እሷም ተናዳ ስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ ወረወረችው። የግራው አይጥ ማሽተቱን ቀጠለ። የቀኙ ግን ትንሽ ጠበቀ፣ ወደ እጇ አየ፣ ከዚያ እፎይ ያለ ይመስል ጥቅልል ብሎ ተኛ። ለካስ ምስኪኑ ቀና ሲል የዋለው በስክሪብቶዋ ድምፅ ነው።

«መድኃኒቱን የተወጋው... የግራው ነው» አለች ቀስ ብላ።

«እሱስ ልክ ነሽ» አሉ ጋሼ፣ ባዶውን የቡና ብርጭቆዋን እያዩ። «ሦስተኛዋስ?»

አውራ ጣቷ አሁንም ስክሪብቶ በሌለበት ባዶ አየር ይጫን ነበር። የቀኙ አይጥ አንድ ዓይኑን ገልጦ ታዘባት።