የነሐሱ ተረከዝ

ዮናሚኔ ቂሙን የያዘው እንደ ሩዝ አረቄ ነው፤ በገንቦ ከድኖ፣ ባረጀ ቁጥር እየበረታ። በመላው ኦኪናዋ የእሱን ቂም ያህል የቆየ አረቄ አልነበረም። የካራቴ መምህሩ የኔታ ናካንዳካሪ በሞቱ ማግስት፣ ካቢራ የሚሉት አብሮ አደግ ተማሪ "ወራሹ እኔ ነኝ" ብሎ የማስተማሪያውን ግቢ ያዘ። ዮናሚኔንም "የየኔታን ስልት ለመርከበኞች ሸጠ" ብሎ በሐሰት ወንጅሎ በሰው ሁሉ ፊት አባረረው፤ ጫማውንም ወደ መንገድ ወረወረበት። አንደኛው ጫማ ባሕር ገብቷል ይባላል። ባሕሩ ከዚያ ግማሽ ቀን ያስኬዳል።

አሁን ካቢራ በዚያው ግቢ ለየኔታ የነሐስ ሐውልት ሊያቆም ነው፤ ሥሩ ላይ የራሱን ስም "ብቸኛው ወራሽ" ብሎ ሊያስቀርጽ። ዮናሚኔን ያስጠራውም ለዚሁ ነበር።

"የጭቃውን አምሳል እይልኝ። ፊታቸውን ካንተ የበለጠ የሚያስታውስ የለም" አለው።

ዮናሚኔ ጭቃውን ዞረው። ፊቱ ቁርጥ የኔታ ነው፤ ሊቆጡ የደረሱ። ገላው ግን የካቢራ ነበር፤ ለቀራጩ የቆመለት እሱ ነዋ። የኋላ እግሩ ተረከዝ ከመሬት ተነስቷል።

የኔታ ከነፍሰ ገዳይ ይልቅ የተነሳ ተረከዝ ይጠሉ ነበር። ተማሪው በቆመበት ከተረከዙ ሥር ወረቀት ይሰዳሉ፤ ወረቀቱ ካለፈ ያ ሰው ግቢ ይጠርጋል። ካቢራ ከመጥረጉ ብዛት የግቢው አፈር አልቆ አለት ወጥቶ ነበር።

"እንዴት ነው?" አለ ካቢራ።

"ምን ይወጣለታል። እግሩማ ልዩ ነው።"

"እግሩ የኔ ነው።"

"ገና ሳየው አውቄዋለሁ፣ መምህር። በቶሎ ነሐሱን አፍስሱበት።"

በምረቃው ዕለት ደሴቲቱ ግልብጥ ብላ መጣች፤ ባሕር ውስጥ ዓሣ እንኳ የቀረ አይመስልም። ዮናሚኔም ወረቀት በመታጠቂያው ሸጉጦ ከሰዉ መሐል ቆመ። መጋረጃው ወረደ። እሱ ከመንቀሳቀሱ በፊት ግን የየኔታ ባለቤት እማማ ኡሺ፣ ለሙታን የሚቃጠለውን ወረቀት ይዘው ወደ ሐውልቱ ቀረቡ። ከተረከዙ ዘንድ ቆም አሉ። ጎንበስ ብለው አንዱን ወረቀት ሰደዱት። በወዲያኛው በኩል ወጣ።

የድሮ ተማሪዎች ሳቃቸውን ለመዋጥ ሲታገሉ የግቢው ግንብ ተንቀጠቀጠ።

"ካቢራ" አሉ እማማ።

"አቤት።"

"ባሌ እንዲህ ቆሞ ያውቃል?"

"ቀራጩ ነው እንጂ..."

"ያንተን ተረከዝ አጥቼው ነው? መጥረጊያው የት እንዳለ ታውቃለህ። 'ብቸኛው ወራሽ' የሚለውንም ስትጨርስ ታስፍቀዋለህ።"

ካቢራ በክት ልብሱ መጥረጊያ አነሳ። ዮናሚኔ ጥርሱ ከጆሮ እስከ ጆሮ ሆነ።

"አንተ ምን ያስገለፍጥሃል?" አሉት እማማ ዞረው። "ጭቃውን አይተህ ነበር አሉ።"

"አይቻለሁ፣ እማማ።"

"እና ዝም አልክ።"

"ዝም አልኩ።"

"በቀልህን በባሌ እግር ተወጣህ። አንተም ጥረግ።"

ዮናሚኔ ጫማውን አውልቆ፣ እንዳይወረወር አድርጎ ግድግዳው ሥር አስቀመጠው። ከዚያ ካቢራ ጎን ገብቶ መጥረግ ጀመረ። ሙሽራ እንኳ እንደዚያ ደስ ብሎት አያውቅም። ጥቂት እንደጠረጉ ወደ ጆሮው ጠጋ አለ።

"አያ ካቢራ።"

"ምን ፈለግህ?"

"ተረከዝህ።"

ካቢራ ቁልቁል አየ። ተነስቷል።